‹‹ጃጅተዋል›› በሚለው ቃል የተሸፈነ ሕመም

በአገራችን አንድ አረጋዊ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ልጁንም፣ ጎረቤቱንም፣ አንዳንዴ ሐኪሙንም ተጨማሪ ጥያቄ ከመጠየቅ የሚገላግል ቃል አለ፡፡ ‹‹ጃጅተዋል›› የሚለው ነው፡፡ ሌሊት ከጮኹ ጃጅተው ነው፤ እህል አልበላም ካሉ ጃጅተው ነው፤ ገላቸውን ሊያጥብ የቀረበውን ልጅ በጥፊ ካጮሉት ጃጅተው ነው፤ ሦስት ቀን ቃል ሳይተነፍሱ ግድግዳ ላይ ካፈጠጡም ያው ጃጅተው ነው፡፡ ቃሉ ብዙ ጊዜ በክፋት አይነገርም፡፡ እንዲያውም በርኅራኄ፣ ከንፈር እየተመጠጠ የሚነገር ነው፡፡ ችግሩ ገና ያልተመረመረውን ሁሉ ተመርምሮ መልስ ያገኘ ማስመሰሉ ነው፡፡

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ሐሳብ አጭር ነው፡፡ የመርሳት በሽታ፣ ማለትም ሐኪሞች ዲሜንሺያ የሚሉትና አልዛይመር ዋነኛ ዓይነቱ የሆነው ሕመም፣ ያደረባቸው አረጋውያን ከሚያሳዩት ‹‹አስቸጋሪ›› ከምንለው ጠባይ ውስጥ ቀላል የማይባለው ክፍል የመርሳቱ ሥራ ሳይሆን የሌላ ሕመም ጩኸት ነው፡፡ ጥርስ ነው፤ ጉልበት ነው፤ ሆድ ድርቀት ነው፤ የመኝታ ቁስል ነው፡፡ ይህንን ለይቶ ለማወቅ የሚያስፈልገው ዕውቀት ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ አይደለም፡፡ አስታማሚ ቤተሰብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊማረው የሚችል ነው፡፡ ታዲያ ለምን አላስተማርነውም? ጥያቄው የጤና ብቻ ሳይሆን የሕግና የፖሊሲም በመሆኑ ነው እኔም የምገባበት፡፡

ጉዳዩ ለምን አሁን?

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከመርሳት በሽታ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ቁጥር 57 ሚሊዮን ደርሷል፡፡ በየዓመቱም ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ አዲስ ሕሙማን ይጨመራሉ፡፡ ከጠቅላላው ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው፡፡ በሽታው የፈረንጅ ነው የሚለው አባባል እንግዲህ እዚህ ላይ ያበቃል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1990 አንድ ኢትዮጵያዊ ሲወለድ 50 ዓመት እንኳ ይኖራል ተብሎ አይገመትም ነበር፡፡ ዛሬ ግምቱ ከ65 ዓመት በላይ ነው፡፡ ይህ የክትባት፣ የጤና ኬላና የንፁህ ውኃ ውጤት ስለሆነ ደስ ሊለን ይገባል፡፡ ነገር ግን ረጅም ዕድሜ የራሱን ሕመም ይዞ ይመጣል፡፡ አባቶቻችን ‹‹እርጅና ብቻህን ና›› የሚሉት ብቻውን እንደማይመጣ ስለሚያውቁ ነው፡፡

ጉዳዩን በአንድ አካባቢ ላስቀምጠው፡፡ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ሐይቅ ትገኛለች፡፡ ከዚያ አልፎ የአምባሰል ተራሮችና ውጫሌ አሉ፡፡ በዚህ አካባቢ ዛሬ ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሰዎች የ1966ቱን ረሃብ በሃያዎቹ ዕድሜያቸው፣ የ1977ቱን ደግሞ የልጆች አባትና እናት ሆነው ያሳለፉ ናቸው፡፡ እንጨትና ውኃ በጀርባቸው ተሸክመው ዳገት ሲወጡ የኖሩ ጉልበቶችና ወገቦች ያሏቸው ናቸው፡፡ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሕመምን ችሎ ማለፍ ክብር ነው ተብለው ያደጉ ናቸው፡፡ ‹‹ሆድ ይፍጀው›› የሚለው ትውልድ ነው፡፡

አስታማሚዎቹስ እነማን ናቸው? ደቡብ ወሎ ሴት ልጆቹን ወደ ዓረብ አገሮች በብዛት ከሚልኩ አካባቢዎች አንዱ ነው፡፡ በልማዳችን እናትን የምትጦረው ሴት ልጅ ጂዳ ወይም ሪያድ ናት፡፡ ብዙ ጊዜም እዚያ የምትሠራው የሌላ ሰው እናት ማጠብና ማጉረስ ነው፡፡ ገንዘቡ ይመጣል፣ ስልኩ ይደወላል፣ እናቲቱን የምታነሳና የምትጥለው ግን የአሥራ አምስት ዓመት የልጅ ልጅ ወይም ራሷ የስድሳ ዓመት ባልቴት የሆነች ምራት ናት፡፡ በዚህ ላይ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ አካባቢውን አዳርሶ የደሴን ሆስፒታል ጨምሮ በርካታ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፡፡ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የተከሰተው ግጭትም መንገድ ሲዘጋና ሲከፍት ቆይቷል፡፡ አንድን አረጋዊ በቃሬዛ ከአምባሰል ተረተር አውርዶ ሐኪም ዘንድ ማድረስ በሰላሙም ጊዜ ቀላል አልነበረም፡፡ ስለዚህ ሕመሙን መጀመሪያ የምታየው ዓይን የሐኪም ሳትሆን የዚያች የልጅ ልጅ ዓይን ናት፡፡ ምን እንደምታይ ካልነገርናት ደግሞ ብታይም አታየውም፡፡

‹‹አልሐምዱሊላህ›› እና ‹‹እግዚአብሔር ይመስገን›› ሲያሳስቱን

አንድ መሠረታዊ ነገር እናስቀምጥ፡፡ የመርሳት በሽታ የሚወስደው ሕመምን የማስታወስና የመናገር ችሎታን እንጂ ሕመምን የመሰማት ችሎታን አይደለም፡፡ ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 የሕመምን ትርጉም ሲያሻሽል፣ በቃል መናገር ሕመም ከሚገለጽባቸው መንገዶች አንዱ ብቻ እንደሆነና መናገር አለመቻል ሕመም አለመኖሩን እንደማያሳይ በግልጽ አስፍሯል፡፡

በእኛ አገር ይህን የሚያወሳስብ ተጨማሪ ነገር አለ፡፡ ሰላምታችን ነው፡፡ ‹‹እንደምን አደሩ?›› ሲባል ‹‹እግዚአብሔር ይመስገን›› ወይም ‹‹አልሐምዱሊላህ›› የሚለው መልስ ሳይታሰብ ከአፍ የሚወጣ፣ ከልጅነት ጀምሮ በምላስ ላይ የተቀረጸ ነው፡፡ የመርሳት በሽታ አዲሱን ዕውቀት አስቀድሞ ይወስዳል፤ እንዲህ ያለውን ሥር የሰደደ ቃል ግን እስከ መጨረሻው አካባቢ ይተወዋል፡፡ የልጃቸውን ስም የረሱ እናት የምስጋናውን ቃል አይረሱም፡፡ ነርሷ ‹‹እማማ፣ ደህና ነዎት?›› ብላ ትጠይቃለች፤ እማማ ‹‹ተመስገን›› ይላሉ፤ ካርዱ ላይ ‹‹ሕመም የለም›› ተብሎ ይጻፋል፡፡ የተጠየቀው ሰላምታ፣ የተመለሰው ምስጋና፣ የተጻፈው ግን የምርመራ ውጤት ነው፡፡

የአምባሰል ሰው ይህን ዓይነት ነገር ከማንም በላይ ሊረዳው ይገባል፡፡ በ1881 ዓ.ም. በአካባቢው በተፈረመው የውጫሌ ውል አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ በአማርኛው አንድ ነገር፣ በጣሊያንኛው ሌላ ነገር ይል ስለነበር የተከተለውን ሁላችንም እናውቃለን፡፡ አንዱ ወገን የተናገረውንና ሌላው ወገን የያዘውን ሳያስተያዩ መሄድ መዘዙ ብዙ ነው፡፡

መፍትሔው አጠያየቅን መቀየር ነው፡፡ በመጀመሪያና በመካከለኛ የበሽታው ደረጃ ላይ ያሉ ብዙዎች በትክክል ከተጠየቁ ይመልሳሉ፡፡ ‹‹ሰሞኑን አሞዎት ነበር?›› የሚለው ጥያቄ ትውስታን ስለሚፈልግ አይሠራም፡፡ ‹‹አሁን፣ እዚህ ጋ፣ ያምዎታል?›› ብሎ ጉልበቱን በእጅ ነካ እያደረጉ መጠየቅ ግን ይሠራል፡፡ መልሱንም ሳይቸኩሉ መጠበቅ ነው፡፡ ከዚያም በላይ አማርኛችን ስለ ሕመም ሀብታም ነው፡፡ ‹‹ሕመም አለ?›› ሲባሉ ‹‹የለም›› የሚሉ ሰው ‹‹ይቆረጥምዎታል?›› ሲባሉ ‹‹ኧረ አጥንቴን!›› ይላሉ፡፡ ይወጋል፣ ይፈልጣል፣ ይጠዘጥዛል፣ ያቃጥላል፣ ይሰረስራል እያሉ አንድ በአንድ መሞከር ነው፡፡ ‹‹ሕመም›› ለብዙ የገጠር አረጋዊ አልጋ ላይ የሚጥል በሽታ ማለት እንጂ የጉልበት ቁርጥማት ማለት አይደለም፡፡

ቃል ሲጠፋ የሚናገሩ ምልክቶች

በሽታው ጠንክሮ ቃል ሲጠፋስ? የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመርያ ሊታዩ የሚገባቸውን ስድስት ነገሮች ዘርዝሯል፡፡ እነሱም የፊት ገጽታ፣ ድምፅ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ ከሰው ጋር ያለ ግንኙነት መለወጥ፣ የዕለት ልማድ መለወጥ እና የአእምሮ ሁኔታ መለወጥ ናቸው፡፡ በቀጣዩ ዓመት በ2003 ደግሞ እዚያው አሜሪካ ተመራማሪዎች ፔይናድ የተባለ ቀላል መለኪያ አዘጋጁ፡፡ ይኼ መለኪያ አምስት ነገሮችን ያያል፤ እያንዳንዳቸው ዜሮ፣ አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ ድምሩ ከአሥር ነው፡፡

የመጀመሪያው ትንፋሽ ነው፡፡ የተረጋጋ ከሆነ ዜሮ፣ አልፎ አልፎ የሚቸገሩ ከሆነ አንድ፣ ድምፅ እያሰማ የሚያስጨንቅ ወይም ለረጅም ጊዜ ቁና ቁና የሚያስተነፍስ ከሆነ ሁለት ነው፡፡ ሁለተኛው ድምፅ ነው፡፡ አልፎ አልፎ ማቃሰት ወይም ማጉረምረም አንድ፣ ደጋግሞ መጣራት፣ ጮክ ብሎ ማቃሰት ወይም ማልቀስ ሁለት ያሰጣል፡፡ ሦስተኛው ፊት ነው፡፡ ማዘን፣ መፍራት፣ ግንባር መቋጠር አንድ ሲሆን ፊት ጭምድድ ማለት ሁለት ነው፡፡ አራተኛው ሰውነት ነው፡፡ መወጠርና መቁነጥነጥ አንድ፣ መድረቅ፣ ቡጢ መጨበጥ፣ ጉልበትን ወደ ሆድ መሰብሰብ፣ የቀረበን ሰው መግፋትና መምታት ሁለት ነው፡፡ አምስተኛው መጽናናት ነው፡፡ በድምፅና በዳበሳ ከተረጋጉ አንድ፣ በምንም ካልተጽናኑ ሁለት ይሆናል፡፡

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ‹‹እግዚኦ ይማታሉ›› ብለን የምናማርርበት መግፋትና መምታት በመለኪያው ላይ የሕመም ምልክት ሆኖ መመዝገቡ ነው፡፡ ክስ ያልነው ነገር ማስረጃ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው፡፡

አጠቃቀሙ ላይ ሦስት ነገሮች መታወቅ አለባቸው፡፡ አንደኛ፣ ለአምስት ደቂቃ ያህል በዕረፍት ሳሉ፣ ከዚያ ደግሞ ሲነሱ፣ ሲለብሱና ሲታጠቡ ማየት ያስፈልጋል፤ ተቀምጠው የማያማቸው ጉልበት ሲነሱ ሊጮህ ይችላልና፡፡ ሁለተኛ፣ ነጥቡ ሕመሙ ምን ያህል እንደሆነ በሚዛን የሚናገር አይደለም፡፡ የሚለው ‹‹አንድ ነገር አለ፣ ፈልጉ›› ነው፡፡ ፍርኃት፣ ረሃብና ብርድም ተመሳሳይ ምልክት ሊሰጡ ይችላሉ፡፡ ሦስተኛ፣ ማነፃፀሪያው ሌላ ሰው ሳይሆን ያው ሰው ነው፡፡ ዱሮም ዝምተኛ የነበሩ አባት ዝም ቢሉ ላያስደነግጥ ይችላል፡፡ ተጫዋች የነበሩት ዝም ሲሉ ግን ዝምታቸው ጩኸት ነው፡፡ ይህን ልዩነት የሚያውቅ ሐኪም የለም፤ የሚያውቀው ቤተሰብ ነው፡፡

ሕመሙ የሚደበቅባቸው ቦታዎች

አንድ ምሳሌ ላንሳ፡፡ በሐይቅና በውጫሌ መካከል ባለ መንደር የሚኖሩ አንዲት አክስቴ የመርሳት በሽታ ካደረባቸው ሦስት ዓመት አልፏቸው ነበር፡፡ በድንገት ሌሊት ሌሊት መጮህ፣ እንጀራ አፋቸው ውስጥ አገላብጠው መትፋት ጀመሩ፡፡ የተወሰዱበት የጤና ተቋም የእንቅልፍ ኪኒን ሰጥቶ መለሳቸው፡፡ ኪኒኑን ከወሰዱ በኋላ ቀን ቀን እያንቀላፉ መውደቅ ተጨመረበት፡፡ ነገሩን የደረሰችበት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የልጅ ልጃቸው ናት፡፡ አክስቴ ዕድሜ ልካቸውን አቦሉን በትኩሱ የሚወዱ ሰው ሲኒው ከንፈራቸው ሲደርስ እንደሚሸሹ፣ ሲተኙም ቀኝ ጉንጫቸውን ትራስ ላይ እየተጫኑ እንደሚያቃስቱ አየች፡፡ አፋቸውን በባትሪ አብርታ ስታይ ድዱ አብጧል፡፡ የመንጋጋ ጥርሱ ተነቀለ፤ በሳምንቱ ቤቱ ተኛ፡፡ የአክስቴ ትውስታ አልተመለሰም፤ የልጅ ልጃቸውንም ስም አልጠሩም፡፡ ነገር ግን ጩኸቱ ቆመ፡፡ እንጀራቸውን በሉ፡፡

በአካባቢው አስታማሚ ዓይን ውስጥ መግባት ያለባቸው ቦታዎች በርካታ ናቸው፡፡ አፍና ጥርስ አንዱ ነው፡፡ ሌላው ዓይን ነው፡፡ አማራ ክልል በአገሪቱ በትራኮማ ክፉኛ ከተጠቁት ግንባር ቀደሙ ነው፡፡ ትራኮማ ሲከርም የዓይን ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ እየታጠፈ በየርግብግቢቱ ብሌኑን ይፍቀዋል፡፡ ጤነኛዋ እናት ፀጉሩን በወረንጦ ታስነቅላለች ወይም ቀዶ ሕክምና ትሄዳለች፡፡ የመርሳት በሽታ ያለባቸው እናት ግን የሚያደርጉት ዓይናቸውን ማሸት፣ ብርሃን መሸሽና ጨለማ ጓዳ መቀመጥ ነው፡፡ እኛም ‹‹ሰው ጠሉ›› እንላለን፡፡

ሆድ ድርቀትና ሽንት መታገት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚዘነጉ፣ ነገር ግን ሰው የሚያሳብዱ ሕመሞች ናቸው፡፡ ከሦስት ቀን በላይ ያልተፀዳዱ ወይም ቀኑን ሙሉ ሽንት ያልሸኑ አረጋዊ ቢቆጡና ቢንጎራደዱ ምን ይገርማል? የተኙ ሰው ከሆኑ ዳሌ፣ የጅራት አጥንትና ተረከዝ ላይ የመኝታ ቁስል መኖሩን በየቀኑ ማየት ያስፈልጋል፡፡ የወደቁ ሰው ከሆኑና አልራመድም ካሉ የዳሌ አጥንት ስብራት ሊሆን ይችላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ በወጣ አንድ ጥናት የዳሌ አጥንታቸው የተሰበረ ከባድ የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሕሙማን የተሰጣቸው የሞርፊን መጠን አእምሯቸው ጤነኛ የሆነ ተመሳሳይ ሕሙማን ከተሰጣቸው አንድ ሦስተኛው ብቻ ሆኖ ተገኝቷል፡፡ ስብራቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ‹‹አሞኛል›› ማለት መቻልና አለመቻል ነው፡፡ በሀብታሙ አገር እንዲህ ከሆነ የእኛን መገመት አያዳግትም፡፡

አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ግድ ነው፡፡ ለውጡ በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት የመጣ ከሆነ፣ ማለትም ትናንት ይናገሩ የነበሩ ዛሬ ከተምታታባቸው ወይም ከደነዘዙ፣ ነገሩ የመርሳት በሽታው መባባስ ሳይሆን የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የውኃ እጥረት ወይም የመድኃኒት ችግር ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባቸው፡፡

ማስተኛት ማከም አይደለም

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ የኖርዌይ ጥናት በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ነገር ቀይሯል፡፡ በ18 የአረጋውያን መኖሪያዎች የሚገኙ የመርሳት በሽታ ያለባቸውና የሚረበሹ 352 ሰዎች በሁለት ተከፈሉ፡፡ አንደኛው ወገን ደረጃ በደረጃ የሕመም ማስታገሻ ተሰጠው፤ አብዛኞቹ የወሰዱት ተራውን ፓራሲታሞል ነበር፡፡ ከስምንት ሳምንት በኋላ የዚህ ወገን መረበሽ ከሌላው ጋር ሲነፃፀር በ17 በመቶ ቀነሰ፡፡ በየፋርማሲው በጥቂት ብር የሚሸጠው ኪኒን ‹‹ጠባያቸው ተበላሽቷል›› የተባሉትን ሰዎች ጠባይ አሻሻለ ማለት ነው፡፡

በአንፃሩ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡትን መድኃኒቶች እንመልከት፡፡ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 ለአዳዲሶቹ፣ በ2008 ደግሞ እንደ ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ላሉት የቆዩ መድኃኒቶች ከፍተኛ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው አዟል፡፡ ምክንያቱም የመርሳት በሽታ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን ይጨምራሉ፡፡ እነዚህ የቆዩት በእኛም አገር የሚታወቁ ናቸው፡፡ ሐኪም አስፈላጊ ሆነው ሊያገኛቸው የሚችልበት ሁኔታ አለ፡፡ ነገር ግን ሕመም መኖር አለመኖሩ ሳይፈተሽ መስጠት የሚያለቅስን ሰው አፉን በጨርቅ እንደመያዝ ነው፡፡

ይህ ማለት ቤተሰብ እንደ ፈቀደ መድኃኒት ይስጥ ማለት አይደለም፡፡ ፓራሲታሞልም ቢሆን ከመጠን ካለፈ ጉበት ይጎዳል፤ ክብደታቸው ለቀነሰ አረጋውያን መጠኑን የጤና ባለሙያ መወሰን አለበት፡፡ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ጨጓራ ሊያደሙ፣ ኩላሊት ሊጎዱና ልብ ሊያስቸግሩ ስለሚችሉ በጎረቤት ምክር የሚወሰዱ አይደሉም፡፡ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሕክምና ኪኒንም አይደለም፡፡ ትራስ ከጉልበት ሥር ማድረግ፣ ከመታጠብ በፊት ውኃውን ማሞቅና እያንዳንዱን እንቅስቃሴ አስቀድሞ መንገር፣ ጠባቡን ጫማ መቀየር፣ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ይቀድማሉ፡፡

ስለ ጠበልና ስለ ዱዓም አንድ ነገር ልበል፡፡ በወሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ቤት የሚኖርባት ምድር ላይ ሆኖ ሃይማኖትንና ሕክምናን ማጣላት አስተዋይነት አይደለም፡፡ የምለው ይህን ብቻ ነው፡፡ ወገባቸው የሚቆረጥማቸውን አረጋዊ ቀን ሙሉ በበቅሎ ጭኖ ወስዶ፣ ሲጮኹ ‹‹ያደረባቸው ነው የጮኸው›› ማለት በሁለቱም ሃይማኖት ጽድቅ አይሆንም፡፡ ካህኑም ሼኹም ‹‹አስቀድማችሁ ሕመማቸውን አስመርምሩ›› ቢሉ ከሐኪም በላይ ይደመጣሉ፡፡

ሕጉ ንብረቱን አየ፣ ሕመሙን አላየም

ወደ ሙያዬ ልመለስ፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 339 የሥራውን ውጤት ማመዛዘን ካቃታቸው ሰዎች መካከል በእርጅና ምክንያት የደከሙትን በግልጽ ይጠቅሳል፡፡ ቁጥር 342 ደግሞ ከሁለት ሺሕ ያነሰ ሕዝብ ባለበት ቀበሌ ቤተሰቡ ሰውየውን የሚጠብቀውና ከቤት እንዳይወጣ የሚከለክለው ከሆነ የአእምሮው ጉድለት በግልጽ የታወቀ ነው ይላል፡፡ ሕግ አውጪው የአምባሰልን ዓይነት መንደር አይቶ የጻፈው ይመስላል፡፡ ነገር ግን ለምን ዓላማ? ሰውየው የፈረመው ውል ይፍረስ ወይስ ይጽና የሚለውን ለመወሰን ነው፡፡ ቤት ውስጥ የተዘጋበት ወይም የታሰረ ሰው በሕጉ ዓይን የማስረጃ ጉዳይ ነው፡፡

በየፍርድ ቤቱ ስለ አረጋውያን አእምሮ የሚነሳው ክርክር ሁሉ መልኩ ተመሳሳይ ነው፡፡ ኑዛዜው ሲሰጥ አእምሯቸው ጤነኛ ነበር ወይ? መሬቱን ሲያስተላልፉ ያውቁ ነበር ወይ? ጧሪ ነኝ ባዩ በእርግጥ ጡሯል ወይ? ሦስት ወንድማማቾች ስለ እናታቸው አውራ ጣት አሻራ ዓመታት ሲከራከሩ ‹‹እናታችሁ በዚያ ጊዜ ያማቸው ነበር ወይ?›› ብሎ የሚጠይቅ የለም፡፡ ጥያቄው ለሕጉም ቢሆን ዋጋ ነበረው፤ በሕመም የሚሰቃይ ሰው ከስቃዩ ለመገላገል ብቻ ያስፈረሙትን ሊፈርም ይችላልና፡፡

ሕጉ በር የለውም ማለቴ አይደለም፡፡ ቁጥር 351 ፍርድ ቤት ክልከላ የሚወስነው የሰውየው ጤና ወይም ጥቅም ሲያስገድድ ነው ይላል፤ ጤና የሚለው ቃል ለጌጥ አልገባም፡፡ የቤተሰብ ሕጎቻችን ልጆች ለወላጆቻቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ ሲጥሉ ሕክምናንም ይጨምራሉ፡፡ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41(5) መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች እንዲሁም ለአረጋውያን እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዛል፡፡ አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፡፡ እንግዲህ ግዴታው ተጽፏል፤ ልጅም መንግሥትም ባለዕዳ ናቸው፡፡ የቀረው ባለዕዳው ዕዳውን የሚከፍልበትን ዕውቀት መስጠት ነው፡፡ ያልተማረን አስታማሚ ‹‹በደንብ አልጦርህም›› ብሎ መክሰስ ፍትሕ አይሆንም፡፡

ምን ይደረግ?

ተሁለደሬ በዚህ ረገድ ታሪክ አላት፡፡ በ2003 ዓ.ም. ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከአማራ ክልል ከተመረጡት አንዷ ተሁለደሬ ነበረች፡፡ ያኔ ‹‹ገበሬ ሳይታመም ገንዘብ አይከፍልም›› ያሉ ብዙ ነበሩ፡፡ ገበሬው ግን ከፈለ፤ አሠራሩም ወደ አብዛኛው የአገሪቱ ወረዳ ተስፋፋ፡፡ አንድ ጊዜ ለአገር የሚሆን ሙከራ ያስተናገደ አካባቢ ሁለተኛውን ሊያስተናግድ ይችላል፡፡

የምጠይቀው ሆስፒታል ይገንባ የሚል አይደለም፡፡ በመጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲሄዱ የእናትንና የሕፃንን ጤና እንደሚጠይቁ ሁሉ በጓዳ የተኛ አረጋዊ መኖሩን ይጠይቁ፤ አምስቱ ምልክቶች በሥዕል የተሳሉበት አንድ ገጽ ካርድም ይሰጣቸው፡፡ ሁለተኛ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲና የደሴ ሆስፒታል መለኪያውን ወደ አካባቢው አማርኛ መልሰው በአረጋውያኑ ላይ ይፈትኑት፤ ከውጭ የመጣ መለኪያ ሳይፈተሽ መቀበል አይገባምና፡፡ ሦስተኛ፣ ቅሬዎች ሲሰበሰቡ አንድ ሰዓት ለዚህ ጉዳይ ይስጡ፡፡ ወሎ ውስጥ ከቅሬ የሚያመልጥ ቤት የለም፡፡ ለቀብር የሚደርስ ማኅበር ከቀብር በፊት ላለው ስቃይም ቢደርስ ምን አለበት? አራተኛ፣ የጤና መድኑ ከቤት መውጣት ለማይችሉ አባላት የቤት ለቤት ጉብኝትን እንዴት እንደሚሸፍን ይታሰብበት፡፡ ይህ እንደሚቻል ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 ከተመሠረተ ወዲህ በአዲስ አበባ ሕሙማንን በቤታቸው በመርዳት አሳይቷል፡፡

‹‹በጦርነትና በኑሮ ውድነት ለተጎዳ ሕዝብ ይህ ቅንጦት ነው›› የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ፡፡ ተቃውሞው ክብደት አለው፡፡ መድኃኒት በጠፋበት ጤና ኬላ ስለ ፊት መቋጠር ማውራት ቀልድ ሊመስል ይችላል፡፡ ነገር ግን ልክ መድኃኒትና ሐኪም ሲጠፋ ነው የማየት ዕውቀት ዋጋው የሚጨምረው፡፡ ደግሞም ተጠቃሚው አረጋዊው ብቻ አይደለም፡፡ ሌሊቱን ሙሉ ጩኸት ስትሰማ አድራ ጠዋት ትምህርት ቤት የምትሄደው ያቺ የልጅ ልጅ ናት፤ ትምህርቷን ትታ የምትቀመጠውም እርሷ ናት፡፡ አንድ መንጋጋ ጥርስ በጊዜው ሲነቀል ሁለት ሰው ይድናል፡፡

ይህን የሚያነቡ አብዛኞቹ ከተሜዎች፣ የሥራ ሰዎች፣ ወላጆቻቸውን በስልክ የሚጠይቁ መሆናቸውን እገምታለሁ፡፡ በሚቀጥለው እሑድ ስትደውሉ ‹‹ደህና ናቸው?›› ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ‹‹ደህና ናቸው›› ነው፡፡ ይልቅ ስልኩን ለያዘችው ልጅ ‹‹ሲነሱ ፊታቸው እንዴት ይሆናል? ትናንት ምን በሉ? በየትኛው ጎናቸው ነው የሚተኙት? ከተፀዳዱ ስንት ቀን ሆናቸው?›› በሏት፡፡ መልሷንም በደብተር እንድትጽፍላችሁ ለምኗት፤ ሐኪም ዘንድ ሲኬድ ከየትኛውም ማሽን በፊት የሚያስፈልገው ያ ደብተር ነው፡፡